አርባ አንድ ሰከንድ የምትዘገየው ካሜራ

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር፣ ከሜዳው ጥግ በቆመችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የተመቱበት ነገር ከአጠገባቸው ወድቋል፤ ግንበኞች የግድግዳን ቀጥነት የሚፈትሹበት ቱምቢ፣ ከባዱ ናስ ከነክሩ። ስልካቸው ከደረታቸው ሥር ተሰባብሯል።

ኢንስፔክተሩ ክፍሏን ሦስት ጊዜ ዞራት። መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር፤ ባልደረቦቹ «እግሩ ካልሄደ ጭንቅላቱ አይሠራም» ይሉታል። ምስማሩ የለቀቀ አንድ የጣራ ቆርቆሮ ነፋስ ባነሳው ቁጥር እየተንጓጓ ሐሳቡን ይቆራርጥበታል። ያየውን በማስታወሻው አሰፈረ። ላፕቶፕ። ሪሞት። የተጠቀለለ ነጭ ባንዲራ። ለሳምንቱ ቀናት ሰባት ክፍል ያላት የፕላስቲክ የክኒን መያዣ፤ ከሰኞ እስከ ዛሬዋ ቅዳሜ ያሉት ባዶ ናቸው፣ የእሑዷ ክኒን ገና አልተነካችም። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ፤ ከላይኛው መስመር ላይ በጠመኔ «የክበቡ ክብረ ወሰን፦ ሰዓት ሠሪው፣ ሞዴል አውሮፕላን፣ በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር» ተብሎ ተጽፏል።

ከውጭ፣ አሁን አውሮፕላን የማያርፍበት አሮጌ አስፋልት ተዘርግቷል። በአንደኛው ዳር፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የተቀመጡ ሁለት ካሜራዎች ተራርቀው ቆመዋል። ከማዶ፣ በየካሜራው ትይዩ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ተተክሏል፤ በሁለቱ መሐል አንዲት ትንሽ መብራት ቆማለች። በቀኙ ዘንግ አጠገብ የብረት ሜትር ሳይጠቀለል ሣር ላይ ተጋድሟል። ከዘንጉ ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ሲል በአዲስ አፈር የተደፈነች ትንሽ ጉድጓድ አለች። ኢንስፔክተሩ በእግሩ ነካ አደረጋትና አለፈ።

«አለቃ፣ አስከሬኑን ያገኙት ሰው እዚያ ናቸው» አለችው ሳጅኗ።

ሰዓት ሠሪው በሥልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ ቀጭን ሰው ናቸው። አውሮፕላናቸው ክንፏ ተፈትቶ ሳጥን ውስጥ ተኝታለች።

«ይህን ዕቃ ሁሉ እንደማያውቅ ሰው ያስረዱኝ» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እንደማያውቅ ነው ወይስ የማያውቅ?»

«የማያውቅ።»

«እንግዲህ ከዘንግ እስከ ዘንግ ልክ መቶ ሜትር ነው። ሞዴል መኪና ይሁን አውሮፕላን፣ የመጀመሪያውን ዘንግ ሲያልፍ አንዷ ካሜራ ትይዘዋለች፣ ሁለተኛውን ሲያልፍ ሌላዋ። በሰከንድ መቶ ሃያ ምስል ያነሳሉ። መቶ ሜትሩን ለጊዜው ማካፈል ነው፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።»

«ቱምቢውስ?»

«ዘንጉ እንዳያጋድል። መምህሩ በአንዲት ጣት ዝንባሌ እንቅልፍ የሚያጡ ሰው ነበሩ።»

«መሐል ላይ ያለችው መብራት?»

«ካሜራዎቹ ሲከፈቱ ብልጭ ትላለች። መሥራታቸውን ለማወቅ ይመስለኛል። ካሜራና ስሌት የእሳቸው ነበር፤ ሌላ ሰው አያስነኩም።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

ሰዓት ሠሪው ከሜዳው ማዶ ወዳለ በኖራ የተሰመረ ክብ ጠቆሙ። «የአብራሪ ቦታ ያ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ይርቃል። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ መምህሩ ባንዲራ ሰቀሉልኝ፤ አበረርኩ። ከዚያ ነዳጁን አፈሰስኩ፣ ሞተሩን አጸዳሁ፣ ክንፉን ፈታሁ። ውጤቴን ልጠይቅ ስመጣ ነው እንዲህ ሆነው ያገኘኋቸው። የበረርኩበትን ሰዓት ከፈለጉ ፊልሙ ላይ ተጽፏል። ሞዴል አውሮፕላን ያለ አብራሪ አይበርም።»

ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው የኢንስፔክተሩ ክንድ ላይ ቀርቶ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰዓትዎ አራት ደቂቃ ይቀድማል።»

«አውቃለሁ።»

መልሱ የተሰማቸው አይመስልም። ክንዱን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው የሰዓቱን ቁልፍ ሳብ፣ ዞር፣ ጫን አደረጉ። ከራሳቸው ሰዓት ጋር አስተያዩት። «አሁን ልክ ነው» አሉና ረዥም ትንፋሽ ለቀቁ።

ኢንስፔክተሩ ክንዱን ሰበሰበ። እናቱ ከተኙበት ሆስፒታል አራት ደቂቃ ዘግይቶ ከደረሰ ወዲህ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ያቺን ሰዓት ልክ አድርጎ አስሯት አያውቅም።

የበሩ ዘበኛ ኮፍያውን አውልቆ ቀረበ።

«ዛሬ ማን ገባ?»

«ሦስት ሰው ብቻ ነው ጌቶች። መምህሩ፣ ሰዓት ሠሪውና መካኒኩ፣ የመምህሩ ታናሽ ወንድም። መካኒኩ ሲወጣ ግን እንደ ማዕበል ነው የወጣው፤ በሩን እንኳ እስክከፍትለት አልጠበቀኝም።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ። ትንሽ ወዲህ ወይ ትንሽ ወዲያ።»

«አውሮፕላን ሰምተሃል?»

«ያቺን ጢንዚዛ? ቀሰቀሰችኝ እንጂ።»

«ከምን?»

ዘበኛው ጫማውን ተመለከተ። «ከሐሳብ።»

«መካኒኩ ከመውጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«ሐሳብ ውስጥ ለገባ ሰው ጌቶች፣ በፊትና በኋላ የለም።»

የመምህሩ ልጅ ከምትሠራበት ፋርማሲ ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች መጣች። አላለቀሰችም፤ ስልኳን ብቻ በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛለች። «ደወልኩለት። ‹ቆይ ልጄ፣ ሰው መጣ› አለኝ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ምንም።» ስልኩ የጥሪውን ደቂቃ መዝግቧል፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት።

ሳጅኗ በላፕቶፑ ላይ የቀኑን የመጨረሻ ፊልም ከፈተች። ሰማያዊ አውሮፕላን የግራውን ዘንግ አለፈች፣ ከዚያ የቀኙን። ከሥር የተጻፈው ሰዓት ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ነው። በመካከሉ ሁለት መቶ ምስል ተቆጠረ፤ በሰዓት ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር።

«እንግዲህ ሰዓት ሠሪው ክብ ውስጥ ነበሩ» አለች።

የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። መካኒኩን ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጋራዡ ይዘውት መጡ። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጨርቁ ላይ ደም ደርቋል።

«የሞተር ቀበቶ ነው የቆረጠኝ» አለ ሳይጠየቅ።

የምርመራው ክፍል ጠባብ ስለሆነ ኢንስፔክተሩ ከበሩ እስከ መስኮቱ አራት እርምጃ ሄዶ ይመለሳል። መካኒኩ በዓይኑ ተከተለው፤ በመጨረሻ፣ «ወይ ተቀመጥ ወይ ወንበሩን ቀይርልኝ፤ ይህኛው ይወዛወዛል» አለ።

«ከወንድምህ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

መካኒኩ ጭቃ የያዘ ጫማውን በጫማው ፈተገ።

«በክኒን።»

«በምን?»

«ጋሼ ልቡ ደካማ ነው። ክኒኑን ከስምንት ሰዓት ሳያልፍ መዋጥ አለበት። ዘጠኝ ሊሆን ሲል ብሄድ የዕለቱ ክኒን በቦታዋ ቁጭ ብላለች፤ እሱ ፀሐይ ላይ ተንበርክኮ አስፋልት ይለካል። ‹ሥራዬን ስጨርስ እወስዳለሁ› አለኝ። ሁልጊዜ ይቺን ነው የሚለኝ። ጮህኩበት።»

«ምን ብለህ?»

«‹ሙት እንግዲህ› ብዬ።»

ኢንስፔክተሩ ቆመ። ሳጅኗ ብዕሯን አነሳች።

«‹ሙት እንግዲህ› ነው ያልከው?»

«ታናሽ ለታላቁ የማይለውን ነው ያልኩት። ጻፊው እህቴ፤ ብያለሁ። ከዚያ ወንዝ ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ።»

«ማን አየህ?»

«ውሃው።»

ሕጉ የሰጣቸው ጊዜ አርባ ስምንት ሰዓት ነው። ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወይ ክስ ይጻፋል ወይ ሰውየው ይለቀቃል። አዛዡ እሑድ ሁለት ጊዜ ደወለ። «እጁ ላይ ደም አለ፤ በአፉ ‹ሙት› ብሎታል፤ የነበረበትን የሚመሰክርለት የለም። አንተ ደግሞ ምን ትጠብቃለህ?» ኢንስፔክተሩ የሚጠብቀውን ራሱም አያውቀውም። የጎረበጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መካኒኩ ያለ ጠበቃ፣ ያለ ግፊት፣ የሚያስወነጅለውን ቃል በገዛ አፉ ሰጥቷል። ወንጀለኛ እንዲህ ያለ ስጦታ አይሰጥም። ስሜት ግን መዝገብ ላይ አይሰፍርም። እሑድ መምህሩ ሲቀበሩ ወንድምየው በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሞ አፈር አለበሰ፤ የሟች ልጅም በሰው ፊት ሄዳ፣ የታሰረውን አጎቷን አንገቱን አቅፋ ቆየች።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ መጣች። ኢንስፔክተሩ ፊልሙን ለአሥራ አምስተኛ ጊዜ ያይ ነበር።

«አጎቴን መቼ ነው የምትለቁት?»

«የገደለው እሱ ካልሆነ ዛሬ።»

«እሱ አይደለም። እናቴ ስትሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። አባዬ ፀጉር መጎንጎን አይችልም ነበር፤ አጎቴ በግሪስ እጁ ይጎነጉንልኝ ነበር።» ድንገት ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «ይህ ምንድን ነው?»

«የቅዳሜ ፊልም።»

«የአባዬ ነው?»

«ካሜራው የእሱ ነው።»

«ታዲያ ሰነፏ የታለች?»

ኢንስፔክተሩ ከወንበሩ ተነሳ። «ማን?»

«የግራዋ ካሜራ። ሰዓቷ ከቀኟ በአርባ አንድ ሰከንድ ይዘገያል። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ተማሪ ሳለሁ ምስል የምቆጥርለት እኔ ነበርኩ። ‹ለምን አታስተካክላትም?› ብለው፣ ‹ስንት እንደምትዘገይ እስካወቅሁ ድረስ አትጎዳኝም፤ ከነካካኋት ግን ነገ ስንት እንደምትዘገይ አላውቅም› አለኝ። መብራቷንም ለዚሁ ነው የተከላት። ብልጭታውን ሁለቱም እኩል ያዩታል፤ እሱን መነሻ አድርጎ ይቆጥራል እንጂ የካሜራ ሰዓት አምኖ አያውቅም።»

ሳጅኗ የቅዳሜውን የመጀመሪያ ፊልም አወጣች፤ መምህሩ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ካሜራዎቹን የሞከሩበትን። መብራቷ ብልጭ ስትል በቀኟ ካሜራ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ ይላል። በግራዋ ስምንት ከሃያ ዘጠኝ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። አርባ አንድ ሰከንድ። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት የሚለውን ፊልም መጀመሪያ ላይ አቆመችው። ብልጭታዋ በሁለቱም ካሜራ በአንድ ሰከንድ ላይ ተጽፋለች።

«አንድ ሰው በመሐል ሰዓታቸውን ነክቷል» አለች ሳጅኗ። «ግን ስህተቷን ማስተካከል ለምን አስፈለገው? ሰዓቱን ወደ ኋላ ለመመለስ ከሆነ ሁለቱንም እኩል መመለስ ይበቃው ነበር።»

«አላስፈለገውም» አለ ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ። ክንዱን እያየ ነበር። ሰዓቱ ልክ ነች፤ ከቅዳሜ ጀምሮ። «አላስቻለውም እንጂ።»

ልጅቷ ለመሄድ ስትነሳ፣ «ዓርብ አባዬ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር» አለች። «‹ሦስት ሜትር የሰረቀኝ ሰው አለ፤ ነገ በአፉ እንዲናገር እጠይቀዋለሁ።› ሽቦ መስሎኝ አልጠየቅሁትም።»

የተነካካ ሰዓት ጥርጣሬ ነው፤ ማስረጃ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው። በፊልሙ ውስጥ የቀኙ ዘንግ ጥላ አስፋልቱ ላይ ወድቆ፣ ጫፉ የዳሩን ነጭ መስመር ነክቷል። ፀሐይ በሁለት ቀን ውስጥ ልማዷን አትለውጥም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ደረሱ። ሰማዩ ግን ዳመና ይነዳ ነበር። ጥላው ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ኢንስፔክተሩ ከዘንግ ዘንግ ተመላለሰ። ጊዜውን ላለማባከን የብረት ሜትሩን ከሳጅኗ ጋር ዘረጋ። ከግራው ዘንግ እስከ ቀኙ ልክ መቶ ሜትር። ከግራው ዘንግ እስከዚያች በአዲስ አፈር እስከተደፈነችው ጉድጓድ ደግሞ ዘጠና ሰባት።

«ሦስት ሜትር» አለች ሳጅኗ። «ዘንጉ እዚህ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ዘጠና ሰባት ሜትር በርሮ እንደ መቶ ተቆጠረለት።»

ኢንስፔክተሩ በማስታወሻው ዳር አሰላ። የሁለት መቶ አሥራ ስድስት አውሮፕላን፣ ሦስት ሜትር ሲሰረቅላት፣ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ትሆናለች። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈው ቁጥር።

ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ሲሆን ፀሐይ ወጣች። የጥላው ጫፍ ከነጩ መስመር ከአንድ ክንድ በላይ ይጎድላል። ሳጅኗ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ከዚያ ዳመናው ተመለሰ። ዘጠኝ ሠላሳ። ዘጠኝ ሠላሳ አምስት። ኢንስፔክተሩ ቀና እያለ ሰማዩን፣ ጎንበስ እያለ ክንዱን ያያል።

«አለቃ፣ ዳመና በመመላለስ አይገፋም እኮ» አለችው።

ዘጠኝ ከአርባ አንድ ላይ ዳመናው ተቀደደ። ጥላው አስፋልቱ ላይ ተሳለ፣ ነጩን መስመር ሊነካ ጥቂት ቀረው፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነካው። ሳጅኗ ፎቶ አነሳች። በፊልሙ ውስጥ ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት የተባለው በረራ የተደረገው ዘጠኝ ከአርባ ሦስት ላይ ነው፤ መምህሩ ከተመቱ ከሠላሳ አንድ ደቂቃ በኋላ።

ኢንስፔክተሩ ወደ መኪናው እየሄደ የሰዓቱን ቁልፍ ስቦ አራት ደቂቃ ወደ ፊት ገፋት።

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ጠባብና ንጹሕ ነው። በግድግዳው ላይ አርባ ያህል ሰዓት ተሰቅሏል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ። ሳጅኗ በሩ አጠገብ ቆመች። ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን ፈትቶ ባንኮው ላይ አኖራት።

«ጥቂት የቀሩኝ ጥያቄዎች ነበሩ።»

«ያችው አጋቢስ ሰዓት» አሉ ሰዓት ሠሪው ፈገግ ብለው። «ይጠይቁኝ።»

«ባለፈው ወር የሰበሩት ክብረ ወሰን። ስንት ዓመት ፈጀብዎ?»

«ሰባት። ሁለት መቶ ሃያን ማለፍ ቀላል አይደለም። ክንፉን ስንት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት መሰለዎት።» እየተናገሩ ሰዓቷን አነሷት። ቁልፉን ሳቡት።

«ቅዳሜ ግን ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ነው የበረረችው።»

«ነፋስ ነበር።» ቁልፉን አዞሩት።

«ካሜራዎቹን ነክተው ያውቃሉ?»

«በፍጹም። መምህሩ አያስነኩም ብዬዎታለሁ።» ቁልፉን ጫን አደረጉት፤ ሰዓቷን ለኢንስፔክተሩ ዘረጉለት። «አሁን ልክ ነው።»

ኢንስፔክተሩ አልተቀበላቸውም።

«አስተካክልልኝ አላልኩዎትም» አለ። «ቅዳሜም አላልኩዎትም። የግራዋ ካሜራ አርባ አንድ ሰከንድ ስትዘገይ ባዩ ጊዜም ማንም አላለዎትም። መምህሩ ሆነ ብለው የተዉዋት ናት። ሁለቱንም ሠላሳ አንድ ደቂቃ መልሰው ቢተዉዋቸው ኖሮ እኔ ዛሬ የሟቹን ወንድም እከስ ነበር።»

ሰዓት ሠሪው እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ግድግዳው ሁሉ ይቆጥራል።

«ፎቶ አለን» አለች ሳጅኗ። «ዘንጉ የጣለውን ጥላ። ዘጠኝ ከአርባ ሦስት።»

ሰውየው ሰዓቷን ባንኮው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡ፤ የሚሰበር ዕቃ ይመስል።

«ሦስት ሜትር ናት» አሉ። «ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ላይ ሁለት ዓመት ቆመችብኝ። ሁለት ዓመት። ዘንጉን ያዛወርኩት ለአንድ ቀን ብዬ ነበር፤ ሳልመልሰው ቀረሁ። እሳቸው የድሮውን ጉድጓድ አገኙና ዘንጉን መልሰው ተከሉት። ቅዳሜ ጠዋት ጠሩኝ፤ ‹ዛሬ ለክበባችን አባላት በአፍህ ተናገር› አሉኝ። እለምናቸው ብዬ ከሰዓት ወደ ክፍሉ ስገባ ስልክ ጮኸ። አነሱት። ‹ሰው መጣ› አሉ። ሃያ ዓመት አብሬያቸው ሜዳ የዋልኩትን ሰው፣ ‹ሰው› አሉኝ። ጀርባቸውን ሰጡኝ። ቱምቢው ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰዓቴን አየሁ» አሉ ሰዓት ሠሪው። «ሌላ ምን አያለሁ።»

ጣቢያው ሲደርሱ ኢንስፔክተሩ አምስት ደቂቃ የቀረው መስሎት ነበር። ደረጃውን ሲወጣ ትዝ አለው፤ ሰዓቷ እንደገና ተስተካክላለች፣ ልማዱ ያቆየለት አራት ደቂቃ የለም። ሮጠ። አዛዡ የክሱን ወረቀት ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ብዕር ይዞ ነበር።

«በአንዲት ደቂቃ አመለጥክ» አለው።

መካኒኩ ከእስር ክፍሉ ሲወጣ የወንድሙ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። አቀፋት፤ ቁስለኛ እጁን ግን ከነጭ ካፖርቷ አራቀው። ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን ሲመልሱለት ጎንበስ ብሎ ማሰር ጀመረና ተወው።

«ኢንስፔክተር» አለ ቀና ሳይል። «ያቺ ክኒን።»

«የትኛዋ?»

«የቅዳሜዋ። ስሄድ መያዣው ውስጥ ነበረች። እንደዚያ ብዬው ስወጣ።» የማሰሪያውን ጫፍ በጣቱ ጠቀለለ። «እንደነበረች ነው ያገኛችኋት?»

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻውን አወጣ። መልሱን ያውቀዋል፤ ሰውየው ግን ከቃል ይልቅ ጽሑፍ የሚያምንበት ሰዓት ነበር። ገጹን ገልጦ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያሉት ባዶ ናቸው የሚለውን መስመር በጣቱ አሳየው።

«አንተ ከወጣህ በኋላ ወስዷታል» አለ።

መካኒኩ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ፣ አንዱን ከጨረሰ በኋላ ሌላውን፣ በዝግታ አሰረ።